አምባሩና ሁለቱ መሣሪያዎች

የመቱ ከተማ ቡና መፈልፈያ መካኒክ ደርበው በሁለት መሣሪያዎች መካከል ተወጥሮ ቆመ። ሁለቱም ብረትን በኤሌክትሪክ ዳስሰው የላዩን ልባስ ውፍረት በጠቋሚ መርፌ ይናገራሉ ተብሎለታል። አምና ስስ ልባስ ያለው መለዋወጫ ገዝቶ መፈልፈያው በቡና ለቀማ መሐል ቆሞበት ነበርና፣ ዘንድሮ ከተሳሳተ ከሥራው መባረሩ ነው። መሣሪያዎቹ ግን እርስ በርስ አልተስማሙም። የመሣሪያዎቹ ሻጭም ላንድሮቨሩን አስነስቶ ወደ ጎሬ ሊሄድ ቸኩሏል።

"ውስጡን የምናውቀው ነገር ያስፈልገናል" አለና ዓይኑ ለወሬ ብቅ ባሉት ጎረቤቱ በእትዬ ጥሩአየሁ እጅ ላይ ዐረፈ። "እስቲ አምባርዎን ያውሱኝ። ድፍን ወርቅ መሆኑን መቱ በሙሉ ያውቃል።"

"አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግራችሁ እንዴት አታውቁ!" ብለው እየሳቁ አወለቁለት።

የመጀመሪያው መርፌ ድፍን ወርቅ ነው አለ። ሁለተኛው፣ በነሐስ ላይ የተቀባ ስስ ወርቅ።

ደርበው ከት ብሎ ሳቀ። "ይሄስ ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው!" ብሎ ሁለተኛውን ወደ ሻጩ ገፋው።

እትዬ ጥሩአየሁ አምባራቸውን አጥልቀው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ተመለሱና የተገፋውን መሣሪያ በመዳፋቸው ወደ ደርበው መለሱት።

"ይሄንን ውሰድ፣ ልጄ" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለሚስትህ ግን እንዳትነግራት።"