የጠቆረው ምንሽር

ደርቤ ከጎንደር በቅዳሜው አውቶቡስ ተመለሰ። ለምን እንደሄደ ሲጠየቅ «ጉዳይ ነበረኝ» አለ። ሰኞ በማለዳ የአባቱን ምንሽር ከቆጡ አወረደና ጆንያ አንጥፎ ፈታታው።

ሚስቱ ዘቢደር በር ላይ ቆማ አየችው። ምንሽሩ እንዳለው የሚባለው የደርቤ ታናሽ ወንድም በማሳ ድንበር ጠብ ከተገደለ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። ገዳዩ ላቀው ደግሞ እስራቱን ጨርሶ ከፋሲካ ወዲህ ከመንደራቸው ቁልቁል፣ ከዳባት ከተማ በታች ወዳለው ቤቱ ገብቷል። ሽማግሌዎች ለእርቅ ቢመጡ ደርቤ «ልቤ እሺ ሲለኝ እጠራችኋለሁ» ብሎ መልሷቸዋል። እስካሁን አልጠራቸውም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዘቢደርም ከዚያች ማለዳ ጀምራ ጠረጠረች።

ደርቤ ዝገቱን በአሸዋና በጨርቅ ፈገፈገው። ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ በዚህ የሚያበቃ መስሏት ነበር። አላበቃም። ጨውና አቼቶ ቀብቶ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ አሳደረው። ጠዋት ብረቱ እንደ አዲስ ቀይ ዝገት ለብሶ ተገኘ።

«አንተ ሰው፣ ዝገት ልታጠፋ ነው ወይስ ልትዘራ?»

«እሾህን በእሾህ ነው» አላት።

የቤቱን አሸንዳ ነቅሎ ጫፍና ጫፉን አጠፈ። የዝናብ ውሃ ሞልቶበት እሳት ላይ ጣደውና ብረቱን ውስጡ አጋደመው። ሲፈላ ቀዩ ዝገት ጠቆረ። አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ ጠረገው፤ ደግሞ ቀባው፣ ደግሞ አዛገው፣ ደግሞ ቀቀለው። ዘዴውን ያየው ጨነቅ በሚባለው ካምፕ፣ ከስሜን ፓርክ ጠባቂዎች፣ ከስካውቶቹ ዘንድ ነው። እንዲህ የጠቆረ ብረት በዝናብም በቶሎ አይበላም።

ነገሩ ዘቢደርን አላስቀምጥ አላት። አማቷ ይህንኑ ምንሽር ወልውለው ለጥምቀት ሲይዙት ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር። ለዓይን የሚያዝ መሣሪያ ይወለወላል። የሚያጠቁሩት ድንጋይ ተገን አድርጎ ሰው ለሚጠብቅ ነው፣ ፀሐይ እንዳታጋልጠው። ይህን በስሜን የማያውቅ የለም።

«ለምን ታጠቁረዋለህ?» አለችው።

«እንዳይዝግ።»

«አባትህ ቅባት እየቀቡት አልኖሩም?»

«ከእንግዲህ ማን እየቀባው ይኖራል?» አለና ብሩሹን አነሣ።

ምሳውን ቀምሶ ገፋ ያደርገው ጀመር። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከዚያ ጎረቤታቸውን ያርጋልን ጠርቶ፣ «ዘንድሮ ማሳውን አንተ እረሰው። ከዘቢደር ጋር እኩል ትካፈላላችሁ» አለው። ያርጋል ደስ ብሎት ሄደ። ዘቢደር ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ባሏ ሰው ገድሎ ሊሸፍት ነው። ካልሸፈተም እንደ ላቀው ወህኒ ቤት ያረጃል፤ እሷም ያለ ባል ትቀራለች።

ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ገብረ ሚካኤል ሄደች።

«አባቴ፣ ደርቤን ይገሥጹልኝ። ምንሽሩን እያዘጋጀ ነው።»

«ደርቤ ንስሐ ገብቷል፣ ልጄ።»

«ገና ላልሠራው ኃጢአት?»

«ንስሐ ምሥጢር ነው። አንቺ ጸልዪለት።»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ፣ አባቴ!»

«አውቃለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ዘቢደር ተናደደች። ቄስ እያወቁ ዝም ካሉ ለማን ይነገራል? መስቀላቸውን ሳትሳለም ወጣች።

ቤት ስትደርስ ቆጡም ጆንያውም ባዶ ነው። ጎረቤቷ ታንጉት ወሬ ይዛ አጥር ላይ ቆማለች፤ ታንጉት ወሬ አጥታ አታውቅም።

«ባልሽ ምን ነካው? ጋቢው ውስጥ ረጅም ነገር ሸጉጦ ወደ ላቀው ቤት ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ብጠራው ዞር አላለም።»

ዘቢደር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሮጠች። ጭቃው ያዳልጣል፤ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሮጠች። የተኩስ ድምፅ እየጠበቀች ጆሮዋ ቆሞ ነበር። ምንም አልተሰማም። ይህም አስፈራት።

ላቀው ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ብቻውን ነው። የጠቆረው ምንሽር ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል።

ዘቢደር ባሏን በዓይኗ ፈለገችው፤ የለም።

«ባሌን ምን አደረግኸው?»

ላቀው ቀና አለ። ያ የወህኒ ቤት ዘመን ያላለሰለሰው ሰው እንባው ጢሙን አርሶታል።

«በእጄ አልነካሁትም፣ እታለም። በወንዙ በኩል ወደ ቤት ሄዷል።»

«ምንሽሩን ቀማኸው?»

«ራሱ ሰጠኝ። ጥይት አጉርሶት ቢመጣብኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ሰው ለወንድሙ ገዳይ ጠብመንጃ ይሰጣል? ምን ብሎ ሰጠህ?»

ላቀው ምንሽሩን በሁለት እጁ አቅፎ ተነሣ።

«‹የጎንደር ሐኪሞች ጊዜህ ቀርቧል ብለውኛል። ለቅሶዬ ላይ ይህን አንሥቶ የሚፎክርልኝ ወንድሜ ነበር፤ እሱን ገድለህብኛልና አንተ ትፎክርልኛለህ› ብሎ ሰጠኝ።»