የጨረቃ ቁልቁለት

"አትንካው፣ ገና ነው" ትለኛለች ባለቤቴ።

ጣቴ ግን ቁልፉን ነክቶታል። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የጠፈር መንኮራኩሯ ሞተር ቦግ ይላል፣ የነዳጁ ቁጥር ይወርዳል። ጨረቃዋ ገና ሩቅ ናት። ሞተሩን አጠፋና እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። በጨዋታ እንዲህ ያላበኝ፣ የእውነቱ ቢሆን ምን ልሆን ነው?

"እዚያ አየር የለም፣ የሚይዝህ ነገር የለም። ያለህ ፍሬን ሞተሩ ብቻ ነው" ትላለች። "ነዳጁን ከላይ ጀምረህ ከጨረስከው ታች ስትደርስ ባዶህን ነህ። ስለዚህ ትለቀዋለህ፣ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ አንዴ ጥርቅም አድርገህ ትይዘዋለህ።"

ለቅቆ መውደቅ! ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ቁልቁለትን የማውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ ቀስ እያሉ፣ እየያዙ። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንድ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ቧንቧ ፈነዳ። ፔዳሉን ስረግጠው ዝም ብሎ ገባ። አውቶቡሱን ከአፈር ቁልል ጋር አላትሜ አቆምኩት፣ ሰው አልሞተም። መርማሪዎቹም ሹፌሩ ጥፋት የለበትም ብለው ፈረሙ። ከኋላዬ ተቀምጣ የነበረችው ባለቤቴ ግን እግሯ ተሰበረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጀሶ ውስጥ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም። መሥሪያ ቤቱ ነገ ጠዋት ቁርጡን ንገረን ብሎኛል፤ ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም? እሷ አልጠየቀችኝም። እኔም ገና አልወሰንኩም።

የሂሳብ መምህርት ናት። አልጋ ላይ በከረመችበት ጊዜ ሁሉ በዚህ ጨዋታ ጨረቃ ላይ ሰው ለማውረድ ስታቅድ ነው የከረመችው። ነዳጁን ታሰላለች፣ መንኮራኩሯን ትገጣጥማለች፣ ታፈነዳታለች፣ እንደገና ትገጣጥማለች። ዛሬ ከሰዓት መንኮራኩሯ ጨረቃዋን መዞር ስትጀምር ባለቤቴ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። "ማውረዱ የሹፌር ሥራ ነው" አለች።

"ሰው የሌለበትን ብንልክ ምን ነበረበት?"

"ባዶ አውቶቡስ ማንም ይነዳል።"

ስክሪኑ ጥግ ላይ ሦስት ትንንሽ ፊቶች አሉ። ሹፌር፣ ረዳትና ተሳፋሪ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች። ረዳቱ ያዛጋል፣ እንደ ወጉ። ሹፌሩ ዓይኑ ፈጧል። ተሳፋሪዋ ትስቃለች፤ ምን እንደሚያስቃት እንጃ።

"ካበላሸሁት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አይደል?"

"እስካሁን ያለውን ሴቭ አድርገን ብናስቀምጠው ነበር። አላደረግኩትም።"

"ምነው ሴትዮ?"

"መንገድ ላይ ሴቭ አለ እንዴ?"

ያ ሁሉ ወር የለፋችበት በእኔ አንድ ጣት ሊጠፋ ነው። የጨረቃዋ ጉድጓዶች እየሰፉ ይመጣሉ፣ ጥላቸው ይታያል፣ የከፍታው ቁጥር ይሮጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለእኔ ነው። አሁንም የሚታየኝ ያ የአፈር ቁልል ነው፤ የሚሰማኝም ከኋላዬ የጮኸችው ጩኸት ነው።

"መሬቱ መጣ እኮ።"

"ይምጣ።"

አልቻልኩም። ሞተሩን አስነሳዋለሁ፣ ነዳጁ ይጎድላል።

"እሱን ለመመለሻ ነበር የያዝኩት" ትላለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ታያለች። ቀኝ እግሬ ወለሉን እንደ ፍሬን ደጋግሞ ይረግጣል። ጀሶ ያለበትን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ እግሬ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከባድ ነው። ብንቀሳቀስ አሳምማታለሁ።

"አሁን ጠብቅ" ትላለች።

እጠብቃለሁ። እግሬ ጸጥ ሲል ጣቴም ጸጥ ይላል። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም፤ እዚሁ ደረቴ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ስክሪኑን ይሞላል፣ ከዚያ የድንጋዮቹ ቅርጽ ይለያል። ትንፋሽዋ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል፤ እሷም ፈርታለች።

"ያዝ!"

ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አቧራው ይነሳል፣ ምንም አይታይም። መንኮራኩሯ አንዴ ነጠር ትልና ትቆማለች። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ፤ ስገልጠው ሦስቱም ፊቶች አሉ።

"አወረድካቸው" ትላለች።

ነዳጁን አየዋለሁ። ባዶ ነው።

"በምን ይመለሳሉ?"

"አይመለሱም። ላይ ላይ ጨረስከው እኮ።" ፈገግ ትላለች። "ጨዋታው ደግ ነው፣ አይራቡም፣ አየርም አያልቅባቸውም። ሌላ መንኮራኩር መጥቶ እስኪወስዳቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።"

"ማን ይነዳዋል?"

ስክሪኑ ላይ ሹፌሩ ዓይኑ እንደፈጠጠ ነው። ተሳፋሪዋ አሁንም ትስቃለች።

"ነገ እሄድላቸዋለሁ" እላለሁ። "ከሥራ ስመለስ።"

እጇ እጄ ላይ ያርፋል። እግሯን ከእግሬ ላይ አታነሳውም።