ምሳ ላይ የተሰረዘው መልስ

ደሴ ውስጥ እኔ ክርስቲያን፣ ታላቄ እትዬ ሰዓዳ ሙስሊም ሆነን አንድ ቤት እንኖራለን። በስልክ የምንከራከርበት የጥያቄና መልስ መድረክ «ዳኛ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ እሱ ክርክር እንዳይቀዘቅዝ ብሎ የሰረዘውን ሐሳብ፣ ዘንድሮ ሁሉም ሰው ጆሮው ላይ የሚያደርገው ማዳመጫ ቤት ውስጥም አያሰማም።

«በጾም ለእንግዳ ብሎ የቀመሰ ጾሙን ሻረ ወይ?» ብዬ መድረኩ ላይ ጠየቅሁ። አልሻረም ባይ ነኝ። የእኔ ክርክር ሁሉ ያልፋል፤ የእሷ መልስ፣ ለእሷ ሳይነገራት፣ እኔ ጋ ‹ተሰርዟል› ተብሎ ይመጣል። ምሳ ላይም ስለ ጾም ስታወራ ከንፈሯን ብቻ ነው የማየው። ረታሁሽ እያልሁ ሦስት ወር ፎከርሁባት።

ዛሬ ግን ምን ብትል ነው የሚሰርዝባት ብዬ ማዳመጫዬን አውልቄ ሽሮው አጠገብ አስቀመጥሁት።

«እስቲ እትዬ፣ መልስሽን ድገሚልኝ።»

እጇን ከገበታው አነሳች።

«ሦስት ወር ሙሉ ‹ልክ ነሽ› ስልሽ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምትጮኺብኝ?»