የአሥር ሰከንድ ዝምታ

ሃይማኖት በመቱ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ወደ ዳሪሙ ስለሚወስደው ያላለቀ ድልድይ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠየቀች። የግንባታው ኃላፊ በተጋበዘ ቁጥር ስለሚቀር ባዶ ወንበር ታስቀምጥለታለች። «ድልድዩ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትልና ለመልሱ አሥር ሰከንድ ዝም ትላለች።

ጣቢያው ፕሮግራሙን ስለዘጋው ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ነው። እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ ዝም አለች። ምንም አልሰማችም። አድማጮቿን አመስግና ተሰናበተች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እትዬ ኢብሴ ነበሩ፤ አምና ክረምት ልጃቸውን ሲፋንን ድልድዩ ያላለቀበትን ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ የወሰደባቸው።

«ሃይማኖትዬ፣ ልጄን ምነው አቋረጥሻት?» አሉ እያለቀሱ። «ገና መናገር መጀመሯ ነበር እኮ።»

ሃይማኖት ወደ ወንበሩ ዞረች።

ከመቀመጫው ላይ ድፍርስ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።