ለቡችላው የመጣ ማር

ምን ልበላችሁ፣ ትንሹ ቡችላ ጭናቸው ላይ ተዝለፍልፎ ሲንቀጠቀጥ አዛውንቱም በድንጋጤ አብረው ተንቀጠቀጡ፤ ላብ አጠመቃቸው።

«ዘነቡ፣ ድረሽልኝ፤ ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

ሚስታቸው ማር ይዛ ሮጠች፤ በጣቷ ጨልፋ የቡችላውን ድድ አሸች። «ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ሐኪሙ አስጠንቅቆን የለ? ጠዋት አልበላም እንዴ?»

«ያለ እኔ ጉርሻ መች ይበላል?»

«ታዲያ ለምን አላጎረሱትም?»

«እኔ ራሴ መች በላሁ? ጾም አይደል እንዴ።»

ቡችላው ዓይኑን ገልጦ ጣቷን ይልስ ጀመር። አዛውንቱ «ተመስገን» ሊሉ ሲሞክሩ ምላሳቸው ተሳሰረ።

ዘነቡ ቀና ብላ አየቻቸው። «የስኳር መርፌዎንስ? ጠዋት ተወግተዋል?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ቡችላውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው፤ በሌላኛው እጇ የቀረውን ማር ጠርጋ የባሏን ድድ ታሽ ጀመር።