በሽመክት ስም የተሰየመው ሜዳ

ሽመክት የዩኒቨርሲቲያችን የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሳለ ለዩኒቨርሲቲው ሮጦ ዋንጫ ይዞ ሲመለስ፣ እዚያው ውድድር ላይ እያለ በተሰጠና ባመለጠው ፈተና ‹‹ኤፍ›› ጠበቀው፤ ተባረረ። ይግባኝ አስገባ። መታወቂያውን ስለተነጠቀ ግን መልሱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ጥበቃዎቹ ከበር መለሱት። ሁለት ወር ተመላልሶ ተስፋ ሲቆርጥ ወታደር ቤት ገባ። በዓመቱ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ።

ባለፈው ቅዳሜ የሩጫ ሜዳችን በስሙ ተሰየመ። እናቱ ወይዘሮ ይመናሹ ከገጠር ተጠርተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

‹‹ሽመክት ትምህርቱን በገዛ ፈቃዱ ትቶ የአገሩን ጥሪ የተቀበለ ጀግናችን ነው!›› አሉ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በድምፅ ማጉያው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እናቱ አጠገባቸው ወዳሉት ዲን ጠጋ ብለው፣ ‹‹በገዛ ፈቃዱ ነው እንዴ የተወው?›› አሉ።

‹‹እማማ፣ ንግግር እኮ ነው›› አሉ ዲኑ እያጨበጨቡ።

ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እየሮጠች መጣች።

‹‹እማማ፣ ስሙ ሲጠራ ይሄ ፖስታ ትዝ አለኝ። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል ብለን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነው ነበር።››

እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ራሷ ከፍታ አነበበችላቸው፦ ‹‹ይግባኝዎ ተቀባይነት ስላገኘ ቀርበው ፈተናውን እንዲወስዱ።››

‹‹መቼ የተጻፈ ነው፣ ልጄ?››

ሠራተኛዋ ቀኑን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

‹‹ይግባኙን ባስገባ በአራተኛው ቀን ነው፣ እማማ።››