ብል የገባበት የድኩላ ራስ

ብሩሹ ገና ሲነካው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የድኩላ ራስ ከጆሮው ሥር አንድ ጭብጥ ፀጉር ለቀቀ። እናትየዋ፣ ባሏ አድኖ ካመጣው ጀምሮ ውሃ ሳታስነካ፣ ከፀሐይ እየከለለች ነበር ያቆየችው። እሱ ካረፈ ወዲህማ ሳትነካካው መዋል አልሆንላት ብሏል።

«ብል ነው፣ እማዬ» አለች ልጅዋ መሰላሉን እንደያዘች። «እንደ አባዬ መላጣ አድርጎት ነው የሚያርፈው።» ሁለቱም ሊስቁ ብለው ተዉት። እናትየዋ ደግማ ቦረሸች፤ ሌላ ጭብጥ ተነሣ። «መድኃኒት ብትረጪበትም ተመልሶ ይመጣል። የሚራባበትን ማግኘት አለብን፤ ያልታጠበ ሱፍ ይወዳል። ይሄን ቁም ሣጥን ልፈትሸው?»

የእናትየዋ እጅ ቆመ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ባሏ ለመጨረሻ ጊዜ ያወለቀው የሱፍ ካፖርት ተሰቅሏል። የአንገቱ ሽታ እንዳይጠፋባት ብላ አላጠበችውም፤ መኖሩንም ለማንም አልነገረችም።

«ተይው» አለች። የድኩላውን ራስ በሁለት እጇ ከሚስማሩ አወረደችና ለልጅዋ አቀበለቻት። «ይልቅ ይሄን ውሰጂና አቃጥዪው።»

«አባዬ እንደዚያ የሚኮራበትን?»

«እሱኑ» አለችና ከመሰላሉ ወርዳ የቁም ሣጥኑን በር በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች።